ቀለም እንቢ ያለ እግር

ብረት ይሻላል፣ ነጂብ። ብረት ዝገቱን ይናገራል፤
ፕላስቲክ ግን ፊቱ ስቆ፣ በኋላ ሰው ያሳፍራል።

ከአዌቱ ድልድይ ማዶ፣ ከዚች ከኮንቴይነር ደጃፍ
ስንት ፓራፋንጎ ቀባሁ፣ ስንት የመስተዋት ጫፍ።
ሐምሌን ቀብቼ አውቃለሁ፤ የጅማን ሐምሌ፣ ልብ በል፣
ጠዋት ያብረቀረቀው ማታ ወተት ሲመስል፣
ጭጋግ ከቀለሙ ሥር ገብቶ ተኝቶ ሲያድር፣
ባለቤቱ «ነጭ መቼ አልኩ?» ብሎ ሲከራከር።

እንደዚያ ቀን ግን አላፈርኩም።

ሐሙስ ነበር። የሂርማታ መንገድ በጆንያ ተዘግታ፣
ሉባባ መጣች በምርኩዝ፣ ትከሻዋ በዝናብ ተመትታ፤
ፌስታሏን ከጠረጴዛዬ አሳረፈችው በዝግታ።
እግር ነው።
ከጉልበት በታች፣ ፕላስቲክ፣ ጫማውን እንዳጠለቀ፣
የማንም ሰው ያልሆነ መልክ፣ የድንች ልጣጭ የደረቀ።
«ይኼ ቆዳ የኔ ነው? እስቲ እየው፣ የማን ነው?
ባጃጅ ትቀባ የለ? የባጃጅ ሰማያዊ አድርገው።»
ሳቅሁ። «የፊትሽን መልክ ቀላቅዬ ላግኝልሽ?» ብላት፣
«ተው» አለች፣ «እግሬን ያወቁ ቀብረውታል እኮ አንዴ፤
ይኼኛው ራሱን ይምሰል፤ መዋሸት አለበት እንዴ?»

ቸኮልኩ። ደመና ነበር፤ ምሳም አልበላሁ፤ ምን ልበልህ፣
በጨርቅ ጠረግ፣ ጣሳውን ነቅነቅ፣ እፍ አልኩበት።
አማረ። ከፈለች። ሄደች።

በሳምንቱ መጣች፤ ቁርጭምጭሚቱ እንደ ሽንኩርት ተልጦ፣
የተረፈውን ደግሞ ልጇ ቁጭ ብሎ በጥፍሩ ልጦ።
አልተቆጣችም። ይኼ ነው የገደለኝ።
«ገበያ መሃል» አለች፣ «እንደ እባብ ቆዳዬን ጣልኩ።»

አሁን ስማ።
ዕቃውን ገልብጥ በፊት፤ ከሆዱ ምልክት አይጠፋም፣
ሦስት ማዕዘን፣ ውስጡ አምስት ካለ፣ እጅህ አይቸኩልም።
እግሩ ቁጥር አልነበረው፤ ግን ጣትህን አሳልፍበት፤
እንደ ጀሪካን ሰም ሰም ካለ፣ እወቅ፣ ጠላት አለበት።
በሳሙና እጠበው። ድገም። የሰው ወዝ ለዓይን አይታይም፣
ታጥቦ የነካው እጅ እንኳ፣ የኔም ቢሆን፣ አይታመንም።
ባለ አራት መቶ ብርጭቆ ወረቀት፣ በውሃ፣ በቀስታ፤
ማቁሰል አይደለም ሥራው፤ እስኪያጣ ነው ብልጭታ።
ቲነር? መስተዋት አቅልጬ ዕዳ ከፍያለሁ። አልኮል ይበቃል።

ከዚያ ያ ውሃ መሳዩ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው፣
ፕላስቲክ ፕራይመር የሚሉት፣ ከቀለሙ ዋጋው የሚበልጠው።
ሽማግሌው እሱ ነው፤ ያለ እሱ ጋብቻ የለም፤
ሁለቱ አይተዋወቁም፣ ይኼ ሰም፣ ያኛው ቀለም።

ጣሳዋን ነቅንቅ፤ ኳሷ ስትንቋቋ ሁለት ደቂቃ ቁጠር።
ስንዝር ተኩል ራቅ፤ ከዕቃው ውጪ ጨርስ፣ ከዕቃው ውጪ ጀምር።
የመጀመሪያው ቅብ ትንፋሽ ነው፤ መስኮት ላይ እንደሚቀር፤
ሥሩ ይታይ፤ አትፈር።
ቸኩሎ የሸፈነ ሁሉ በኋላ እንባ ያወርዳል።

ከጅሬን ኮረብታ ጭጋጉ እስኪነሳ ሦስት ቀን ጠበቅሁ፣
በካርቶን ውስጥ አምፖል ሰቅዬ፣ ቀለሙን አሞቅሁ።
አምስት ስስ ቅብ፣ በላዩ ሁለት ክሊር።
ፕላስተር ለጥፌ መነጨቅሁ፤
ፕላስተሩ ንጹህ ወጣ።
«ይጥና፣ ሳምንት ይቆይ» ስላት፣ «ሳምንት በምርኩዝ?» አለችኝ፤
ዓይኔን መሬት ጣልኩ። ጠበቀችኝ።

ዓመት አለፈው።
ባለፈው ሐሙስ፣ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ
ጭቃውን ስትሻገር አየኋት፤ ሰማያዊው ዝናብ ጠግቧል።
አንድ ሹፌር ባጃጁን አቁሞ፣ «እህቴ፣ ኮንትራት ነሽ?» አላት፤
ከሹፌሩ በላይ ሳቀች።
ተረከዙ ላይ ጭረት አለ። «ነይ ላድስልሽ» ብላት፣
«ተዋት» አለች፣ «እሷን እኔ ነኝ ያወጣኋት።»

በል፣ ነጂብ፣ ያን ፓራፋንጎ ገልብጠው።
ቁጥሩን አንብብልኝ።