ሃያ አንድ ፍሬ

ቫጉር ላይ ነፋሱ በር አያንኳኳም፣
ገፍቶ ነው የሚገባ፤ ይቅርታም አይልም።
መርከቧ ከቀረች ዛሬ ስድስት ቀኗ፣
ማዶ ወደብ ታስራ፣ ውርጭ ላይ ነው ጎኗ።
ወተት አልቆብናል፣ ጋዜጣውም የለም፤
ወተት ያጣ ሰው ግን ሌሊቱን አይቃዥም።

እኔ የምቆጥረው ሌላ ነው።
ከመስታወቱ ጀርባ፣ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ፣
ሰርትራሊን፣ ባለ ሃምሳ፣
ሃያ አንድ ፍሬ ብቻ ቀርቷል።
ደግሜ ቆጠርኩ። ሃያ አንድ።
መቁጠር አያበዛም።

ማርጁን ቀድማ ገባች፣ ሙዚቃ አስተማሪዋ፣
በረዶ እያራገፈች ከካፖርት ከሻርፗ።
«የኔ እኮ ለሐዘን አይደለም» ትላለች፣ ሳልጠይቃት፤
«ሰው ፊት ስቆም ልቤ ነች፣
መረብ እንደገባ ዓሣ የምትፈራገጥብኝ።»
አውቃለሁ፣ ማርጁን። ለዚያም ይታዘዛል።
ድንገት ለሚያርበደብድ ፍርሃት፣
እጁን አርባ ጊዜ ታጥቦ አርባ አንደኛውን ለሚያስብ፣
ያው ክኒን፣ ያው ስም፤
የሚገባበት በር ብቻ ይለያያል።

ቀጥሎ ሄሪ መጣ፣ የመርከብ ሞተር አዋቂ፣
ሠላሳ ዓመት ብረት ያናገረ፣ ለሰው ቃል ቆጣቢ።
ባለፈው ጥቅምት ነበር ማዘዣውን ያመጣልኝ፣
አራት ቦታ አጥፎ፣ እንደ ዕዳ ደብዳቤ።
ማን ሞተብህ ቢሉት፣ ማንም።
ምን ጎደለህ ቢሉት፣ ምንም።
ቤቱ ሙሉ፣ ጀልባው ሙሉ፣
ጎዶሎው እሱ ራሱ።

ያኔ ጠረጴዛውን ተደግፌ እንዲህ አልኩት፦
«ዛሬ ውጠህ ነገን አትጠብቅ፤
እንቁላልም እግር የሚያበቅለው ቀስ በቀስ ነው።
ሁለት ሳምንት ምንም፣ አራት ሳምንት ምናልባት።
መጀመሪያ ላይ ሆድህን ያቅለሸልሽህ፣ እንቅልፍ ይሸሽህ ይሆናል።
ጨለማው ከበፊቱ ቢጠቁር፣
ክፉ ሐሳብ በጆሮህ ቢያንሾካሹክ፣
አትፈር፣ ያኔውኑ ደውል፤ እኩለ ሌሊትም ቢሆን።
ከአረቄ ጋር አታጋጥመው።
ሌላ የምትወስደው ካለ፣ የቅጠል ሻይም ቢሆን፣ ንገረኝ።
የረሳኸውን ለነገ አትደርብ።
ደግሞ ዳንኩ ብለህ በገዛ እጅህ አታቁመው፤
በሙሉ ኃይሉ የሚሮጥ ሞተር በአንድ ጊዜ ታጠፋለህ?»
«አላጠፋም» አለኝ።
በዚያ ወር የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሉ ነበር።

ዛሬ ግን ባሕሩ አጠፋበት።
«ካለቀብኝ ሦስት ቀን ሆነ» አለ፣ በሩን ይዞ፤
«ጭንቅላቴ ውስጥ ሽቦ ይነካካል፣
ዞር ስል ብልጭ፣ ዞር ስል ብልጭ።
ሳልፈልግ አለቅሳለሁ። ዓሣ እየከተፍኩ፣ ዝም ብሎ፣ ይወርዳል።»

ስልኩን አነሳሁ። ሐኪሙ ከማዶ ደሴት፣
ግማሽ ድምፁን ነፋስ በልቶበት፣
«ስንት ናችሁ?» አለኝ።
ስንት ናቸው አላለም።
«ሦስት» አልኩ፣ ጀርባዬን ለሰው ሰጥቼ።
«ሰባት ሰባት ይድረሳችሁ» አለ፤
«እስከዚያ ማዕበሉ ይበርዳል።»

ሦስት ፖስታ አወጣሁ።
አንዱ ላይ ማርጁን፣ አንዱ ላይ ሄሪ ብዬ ጻፍኩ፤
ሦስተኛው ላይ ብዕሬ ቆመ።
ሄሪ አየው። የማን ነው አላለም።
ሞተር አዋቂ ነው፣
የተበላሸውን ከድምፁ ይለያል።
«ውሃ ትሰጪኛለሽ፣ ሱንቫ?»
አንድ ብርጭቆ ቀዳሁ።
«ሁለት አድርጊው» አለ።