ባዶ ረድፍ

ሰፈራችን ሲፈርስ ኮንከሩም ፈረሰ፤
ከአራታችን አንዱ ኮዬ ፈጬ ደረሰ።
አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መብራት በሌለበት፣
የብቻ ጨዋታ መማር ጀመርኩበት።

ዘበኛው ሌንጂሳ ሕጉን ሲያስተምረኝ፣
“ቀይ በጥቁር ላይ ነው፤ አትቸኩል” አለኝ።
ቸኮልኩ።
አሱን ከነነፍሱ ከሰባት ሥር ቀበርኩ፤
ስበትን፣ ስለቅም ሦስት ሌሊት ከሰርኩ።

አንድ ረድፍ ባዶ ሆነ። እጄን ስዘረጋ፣
“ተው!” አለኝ ሌንጂሳ፣ ሻማ እያስጠጋ፤
“ባዶ ቦታ ሀብት ነው፤ ንጉሥ እስኪወጣ
ክፍት አርገህ ጠብቅ።”
                              ጠበቅሁ። ንጉሥ አልመጣ።

ሌንጂሳ ወረደ፤ ባዶ ክፍሌን አየሁ፤
ነገ ለደላላ ላሳይ ብዬ ነበር።
በሩን ገርበብ አርጌ ካርታዬን በወዝሁ።