አገር ስጪኝ

ከሌሊቱ አስር ተኩል፣ አፉላ ገና ሳትነቃ፣
ነጩ ሚኒባስ ይመጣል፣ በሩ እያሳለ፣ እየተንቋቋ።
ዙሄር ይነዳል። ከኋላው እኛ፣
አራት ሴቶች፣ አራት ጃኬት፣ አራት ጓደኛ።
ጓደኛ ማለት ከሆነ፣ ዘጠኝ ወር ባንድ ወንበር
የሰው ማጅራት አጥንቶ፣ «ቦከር ቶቭ» ብሎ መኖር።

ካሮት እናሽጋለን። ማሽኑ ሲጮህ ጆሯችን ይደፈናል፤
ወሬ ካለን መንገድ ላይ ነው፣ አርባ ደቂቃ ይሆናል።
ወሬያችን ግን ሦስት ናት፤ አንደኛዋ ሙቀት፣
ሁለተኛዋ ደሞዝ፣ ሦስተኛዋ የወገብ ቁርጥማት።
ከዚያ ዝም።
ሉድሚላ መስኮቱን ታያለች፣ ኑሃ ስልኳን፣ እኔ ጥፍሬን፤
ፍሬሃ ታንኮራፋለች፣ ወክላ ሁላችንን።

ልጄ ኤፍራት ይህን ሰምታ፣ «እማ፣ ጥያቄ ነው መላው» ብላ
አስሩን ጽፋ ሰጠችኝ፣ በደብተር ወረቀት ጠቅልላ፤
እንደ ሐኪም ማዘዣ፣ ከምግብ በፊት እንደሚዋጥ።
አንደኛውን ለሉድሚላ ወረወርኩ፣ ልቤ ሳይረጋጋ፣ በድንጋጥ፦
«ደስ የሚልሽ ምንድን ነው?» አልኳት።
ዞር አለች። አሰበች። «እንቅልፍ» አለችኝ። ተውኳት።
ሁለተኛውን ለኑሃ፦ «እንስሳ ብትሆኚ ምን ትሆኛለሽ?»
«ምነው? ምን ሰማሽ? ማነው ደግሞ ስሜን ያነሳልሽ?»
ወረቀቱ የማስቲካ መጠቅለያ ሆነ።

አንድ ማክሰኞ ነው፣ መጊዶ መስቀለኛው ላይ፣
ጎማው ፈነዳና ቆምን፣ ጨለማው ገና ሳይለይ።
ዙሄር ክሪክ ቢፈልግ አጣ፤ ወንድሙ ጋ ደወለ፤
«ደረስኩ» አለ ወንድምየው፣ ድምፁ ገና አልጋ ላይ ያለ።
መንገድ ዳር ቆምን፤ ብርድ ነው፤ ከአጠገባችን የትራፊክ መብራት
ማንም ለማያልፍበት ይቀያየራል፣ በከንቱ ትጋት።
ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አፌ ሳያማክረኝ ተከፈተ፤
በአርባ ዓመቴ የልጅነት ጨዋታ ከሆዴ ተጎተተ።

«እንቆቅልሽ!»
ዝም።
«ምን አውቅልሽ በሉኝ እንጂ!» «ምን ማለት ነው?»
«ምን አውቃለሁ ስላንቺ፣ ማለት ነው» አልኩ፤
ስተረጉመው ነው የሰማሁት፤ ዘጠኝ ወር የኖርነው ይህንኑ፣ ልክ በልኩ።

«በአንድ እግሯ ቆማ የምታድር፣ ሦስት ዓይን እያላት፣
ሁለቱን ጨፍና ባንዱ የምታይ፤ ማናት?»
ኑሃ «ሽመላ!» አለች። ፍሬሃ «አማቴ ናት!»
ሉድሚላ፣ የመብራቱን ምሰሶ ተደግፋ፣ መልሱ አቃታት።

«እንግዲያው አገር ስጪኝ፤ ያላወቀ አገር ይሰጣል።»
«የማንን አገር? እኔ ዘንድ አገር ከየት ይመጣል?»
«የፈለግሽውን። ባዶውን ግን አልቀበልም፣ ሰው ይኑርበት።»
ጓንቷን አወለቀች። «ቼርኒጎቭን ውሰጂ፣ የኛን ቤት፤
አባቴ አውቶቡስ ነጂ ነበር፤ በመስኮታችን ሲያልፍ ሁለቴ ጥሩምባ ይነፋል፤
ሾርባሽን ጨርሺ ማለቱ ነው። እስከ ዛሬ መኪና ሲነፋ አፌ ይከፈታል።»
ዙሄር ሰምቷል ለካ፣ ከመሪው ሁለቴ ነፋላት፤
ሉድሚላ አፏን ከፈተች፤ ሳቅ ፍሬሃን ገደላት።

የኑሃ ተራ ሲደርስ መሬቱን በጫማዋ ፋቀች፤
«አገር ከኔ አይጠየቅም» አለች፤ ቆይታ ደግሞ ሳቀች።
«ጣራዬን ሰጠሁሽ። ከውሃ ጋኑ ጀርባ አንድ ወንበር አለኝ፤
ሰባት ልጅና አንድ ባል የማያውቁት፤ ጋሪኒም ስሰብር ጨረቃ ብቻ የምታገኘኝ።»

በኔ ተራ ተሸነፍኩ። ሁሉም ተራራ ጠበቁ፤
እኔ የመርካዝ ክሊታውን ምድር ቤት ሰጠሁ፣ እንዲስቁ፤
ስንመጣ ሰሞን ክቡ የልብስ ማጠቢያ ቴሌቪዥን መስሎኝ
ፊቱ ተጎልቼ የዋልኩበት፤ ጀግናው የወንድሜ ቀይ ሹራብ ነበር፣ ሲሰወር የሚያስጨንቀኝ።

ክሪኩ ሲደርስ ማንም ደስ አላለው።
ከደሞዛችን ግማሽ ሰዓት ተቆረጠ፤ ይሁን፣ ተዪው።

በማግስቱ አስር ተኩል፣ በሩ አስሎ ሲከፈት፣
ገና አንድ እግሬን ሳስገባ፣ ሉድሚላ፣ በሚሰበር አንደበት፦
«ኤንኮክሊሽ፣ ፈንታ!»
«ምን አውቅልሽ?»
«አፍንጫውን እኛ ነን የምናሽግለት፤ ሆዱ ነጭ፣ እግር የለው፤
ፀሐይ አቅፋ ስትስመው፣ ያኔ ነው የሚሞተው።»
አሰብኩ። አፉላ አለፈች። መጊዶ አለፈ። አላወቅኩም።
«አገር ስጪኝ» አለች፣ መዳፏን ዘርግታ።
የቱን እንደምሰጣት ገና አልወሰንኩም።