ባዶ አልጋ

ካስትሮ ላይ ሌሊት ነው፤ ዝናቡ አግድም ይወርዳል፤
ነፋሱ ከባሕር ወጥቶ የጣሪያ ቆርቆሮ ይገርፋል።
ካፖርቴን እሰቅላለሁ፤
ማንም ሳያየኝ ደግሞ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤
ያልመጣ ሰው ተቀብዬ አልጋ ላይ አስተኛለሁ።
ስም የለው፣ መልክ የለው፤ ትንፋሹ ብቻ ቆሟል፤
አገጩን አነሣለሁ፤ ቱቦው በጉሮሮው ያልፋል።
ካላለፈ፣ አወጣለሁ፤
እንደገና እጀምራለሁ።

ያስና አየችኝና ሳቀች፦ «ዶክተር፣ ዛሬም ጸሎት ነው?»
«አይደለም» አልኳት፣ «አልጋ ማንጠፍ ነው።»

ያስተማሩኝ ሽማግሌ፣ ዶክተር ባልታሳር፣
ሲጋራቸውን ይዘው ከኋላው በር፣
«ልጄ» አሉኝ፣ «እዚህ ክፍል አምስት አልጋ አለ፤
ስድስተኛው» ግንባራቸውን በጣት መታ አድርገው «እዚህ አለ።
እሱ ከተያዘብሽ፣ አምስቱ ባዶ ቢሆኑ ምን ዋጋ አለ?»

ስለዚህ አነጥፋለሁ።
በኬዮን መታጠፊያ አውቶቡስ ሲገለበጥ፣
መብራቱ ድርግም ሲል፣ ምድሪቱ ስትናጥ፣
የሳልሞን እርሻ ጠላቂ ካዘቅት ቶሎ ወጥቶ
ደሙ እንደ ለስላሳ ጠርሙስ ሲፈላ አረፋ አውጥቶ፣
ሁሉን አስተናግጃለሁ።
ብዙ ሰው ሞቶብኛል እዚያው በሐሳቤ፤
ለሚስቱ ተናግሬያለሁ ቃል መርጬ በልቤ።

ዓይኔን በሩ ላይ ተክዬ
ድንገት መጣ ከጀርባዬ።
አምቡላንስ አልጮኸ፣ ስልክ አልጠራ፤
ዶን ኤራስሞ፣ ዘበኛው፣
የገባ የወጣውን በመዝገብ የሚጽፈው፣
በሰማያዊ እስክሪብቶ ፊደል እያሳመረ፣
ሙቅ ውሃ በፔርሙስ ይዞልኝ መጣና አንድ ቃል ጀመረ፤
አልጨረሰም።
ፔርሙሱ ወደቀ።
ከዚያ እርሱ።

አንዲት ትንፋሽ ያህል ቆምኩ።
ይህን ያስና ብቻ ታውቃለች።
ለካ የለመድኳቸው ሁሉ መልክ አልነበራቸውም፤
ለካ መልክ ይከብዳል! ማንም አልነገረኝም።
ስሙን አወለቅሁት፣ እንደ ጫማ፣ በቀስታ፣
ኋላ ልመልስለት፣ ካጠገቡ ትቼው ላንድ አፍታ፤
እጄ ግን ከእኔ ቀድሞ ደረቱ ላይ ደርሶ ነበር።
ያስና ትቆጥራለች፤ ውሃው ከጉልበቴ ሥር ይፋጃል፤
ልቡ መረብ እንደያዘው ዓሣ ይንፈራገጣል እንጂ አይመታም።
መታነው በኤሌክትሪክ። ዝም።
ደገምን። ዝም።
ከዚያ አንዲት ምት፣ እንደ ሩቅ ኮቴ፤
ከዚያ ሌላ።

ሲነጋ ሄሊኮፕተር ወሰደው ወደ ፖርቶ ሞንት።
ይድን አይድን አላውቅም፤
ስሙን ግን መልሼለታለሁ፣ በጆሮው፣ ሁለቴ።
እጄ መንቀጥቀጥ የጀመረው ያኔ ነው።

ያስና ወለሉን ወለወለች።
እኔ ከግንባሬ ውስጥ አንሶላውን ገፈፍኩ፤
ሌላ አነጠፍኩ፤ ትንሽ ተጨማደደ፣ ይሁን።
በሩ ላይ ማንም የለም። መዝገቡ እንደተከፈተ ቀርቷል።
በሰማያዊው እስክሪብቶ፣ በማያምር ፊደሌ ጻፍኩ፦
ስም፦ ኤራስሞ።
ሰዓት፦ ከሌሊቱ ዘጠኝ ተኩል።
የመጣበት፦ ከውስጥ።