ቃጭሉ በከረጢቴ

ከፒያሳው ፖስታ ቤት ጀርባ፣ ደረጃውን ወረድ ሲሉ፣
አራት ቲቪ አለ እንየው ቤት፤ ሦስቱ ኳስ ያጫውታሉ።
አራተኛው የጥጉ ነው፤ መልኩ ወደ አረንጓዴ ያደላ፣
እሱን ለኔ ትተውታል፤ ደንበኛ የለውም ሌላ።

«ዘንዶው ዛሬም አልሞተም ወይ?» ይሉኛል፣ ጎል ሲቆጠር።
አልሞተም። ሁለት ዓመቱ። ሰባት መንደር ከነአጥር
አንድዷል። ንጉሡ አዋጅ ነግሯል፣ ነጋሪት አስጎስሞ፤
የኔ ጀግና ግን ድልድይ ዳር፣ ሰይፉን ተመርኩዞ ቆሞ
ጨው ሻጯን ያዳምጣል።

ስም እንኳ አልሰጧት የሠሯት፤ ካናቷ በላይ ጽሑፉ
«ጨው ሻጭ» ይላል፣ አለቀ። ሌሎች ሮጠው ነው የሚያልፉ።
እኔ አትጠገብ አልኳት።

ያላት ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው፦
«ጨው አለኝ፣ ጤዛ ያልነካው።»
«ወንዙ ትናንት ሞልቶ ነበር።»
«በቅሎዬ ጠፋችብኝ፤ ቃጭሏን የሰማ የለም ወይ በዚህ አገር?»

መካከለኛዋን ልብ በሉ። ያ ወንዝ ሞልቶ አያውቅም፤
ሌሊቱን ቆሜ ጠብቄዋለሁ፤ አንድ ስንዝር አይጨምርም።
ለዘንዶው አይረባ፣ ለሰይፉ አይረባ፤ ሽልማት የለው፣ ፍንጭ የለው።
ታዲያ ማነው የጻፈው?
ዘንዶማ ማንም ይጽፋል።
አስር ሰው ሆነው ጀግናውን ሲያገዝፉ፣ ሲያስታጥቁ፣
አንድ የደከመው ጸሐፊ፣ ባልደረቦቹ ምሳ ወጥተው፣ ሳያውቁ፣
ለሷ ትናንት ሰጣት።
እኔ ሳልመጣ በፊት የነበረ ትናንት።

ቃጭሉን አግኝቼዋለሁ፤ ከጅብ ዋሻ፣ ካጥንት መሀል።
አንዴ ሰጥቻትም ነበር።
ሃምሳ ወርቅ ቆጠረችልኝ፤ «እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ።
ስሄድ «እግዜር ይስጥልኝ»፣ ስመለስ «እግዜር ይስጥልኝ»፤
ጨውም የለ፣ ወንዝም የለ፤ እንደ ተዘጋ በር ቆማ ቀረችብኝ።
ሰዓቱን ወደ ኋላ መለስኩ፣ የድሮው ሴቭ ላይ ገባሁና፤
ቃጭሉ ይኸው ከረጢቴ ውስጥ፤ እሷም ትጠይቃለች ገና።
ክፋት ይሁን ፍቅር፣ እንጃ።

ከደጅ ደግሞ ጋሽ ማንደፍሮ አሉ፣ የሕንፃው ዘበኛ፤
ካፖርታቸው ባለ አንድ ቁልፍ፣ ራዲዮናቸው ዝምተኛ።
ማታ ማታ ስወጣ፦ «ድንጋይ አላመጣህልኝም?»
«ነገ» እላለሁ። ሁለት የራዲዮ ድንጋይ እኮ ነው፤ ከብዶኝም አይደለም።
ከግንብ እስከ ግንብ ድንጋይ በሆነች ከተማ
ሁለት ድንጋይ ጠፋ፣ ስማ!

ሐምሌ ውስጥ አንድ ማታ መብራት ሄደ። ሦስቱ ኳሶች ባንዴ ጮኹ፤
ሴቭ ያላደረግኩት ሰዓት ጠፋ፤ በጨለማ ዳብሼ ወጣሁ።
ከማዶ ሱቅ ድንጋይ ገዝቼ ዘረጋሁላቸው፣ ፈራ ተባ ብዬ፤
«ተባረክ» ይሉና ያልቃሉ፣ እንደዚያች እንደ ድልድዩ ጓደኛዬ።

«ተባረክ» አሉ።
ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ርሷል፣ ጭቃ ይዟል። ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።
ድንጋዩን አንድ ባንድ ከተቱ። ራዲዮኑ አንዴ ሳለ፤ መልሰው አጠፉት።
«ቆይ ግን፣ ስምህ ማን ነበር? ሁለት ዓመት ሙሉ ለሚስቴ
‹ነገ የሚለው ልጅ› ነው የምልህ።»

ሳቅ መጣልኝ፤ ቀጥሎ አፈርኩ።
ለካ እኔም በሰው ታሪክ ጥግ ላይ፣ ባንዲት ቃል ቆሜ፣
ካናቴ በላይ ተጽፎልኛል፣ ሳይታወቅ ስሜ።
«አሻግሬ» አልኳቸው።
«አሻግሬ» አሉ፣ ቀስ ብለው፣ እንደሚቀመስ ነገር።

መብራት መጣ። እንየው ጠራኝ። ጥጉ አረንጓዴ በራ።
«ወንዙ ትናንት ሞልቶ ነበር» አለችኝ፣ እንደ ወትሮዋ።
የጋሽ ማንደፍሮ ሱሪ ትዝ አለኝ። አመንኳት።
ቃጭሉን አወጣሁት፣ አየሁት፣ መልሼ ከተትኩት።
ነገ።