ማስጫ

ንፋስን በየስሙ የማውቅ እኔ ነኝ፤
ሬዲዮ ምን ያደርጋል፣ ገመዱ ከነገረኝ።

አንሶላው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ከዘራ፣
ብረት ማቅለጫው ነው፣ ሌሊቱን የሠራ።
ነጭ ዱቄት ከሆነ፣ ጣት ላይ የሚሻክር፣
ድንጋይ መፍጫው ነዋ፣ ጋራውን 'ሚመነዝር።
ሸሚዙ ሳይቆሽሽ ሽታ ብቻ ከያዘ፣
ከቆዳ ፋብሪካ ነው፣ በወንዙ የተጓዘ።
ቅባት ያለው ጥቀርሻ፣ በሳሙና 'ማይለቅ፣
ያ የመኪናው ነው፣ ከአስፋልቱ 'ሚፈልቅ፤
ከጅቡቲ ገብቶ፣ ቃሊቲ ተኮልኩሎ፣
ሞተር ሳያጠፋ የሚያድር ጭነት አዝሎ።

እቴነሽ ይሉኛል፣ እቴነሽ አጣቢዋ፤
አቃቂ ጨረቃ ቤት፣ ባለ ቆርቆሮ ግቢዋ።
ሰኞ ዩኒፎርም ነው፣ ማክሰኞ አንሶላ፣
ረቡዕ የገመቹ ቱታ፣ ዘይት የበላ።

ገመቹ ብረት ያቀልጣል፤ ሒሳብ አያሳድር፤
ሳሉ ግን ግድግዳ አልፎ ከኛ ጋር ነው 'ሚያድር።
አንድ ቀን ቱታውን አጥቤ አሰጣሁት፤
ማታ ሊወስድ ሲመጣ ጠቁሮ አገኘሁት።
«ደግሞ አላጠብሽውም?» አለኝ እየሳቀ፤
ሳቁ ሳል ሆነበት፣ ትንፋሹ አለቀ።
«ያውልህ» አልኩና ጣቴን ቀሰርኩለት፣
ከማዶ፣ እሱ 'ሚያነደው ጭስ ከሚተፋበት።
ያጨሰውን መልሶ ሊለብሰው ነበር፤
እኔም ደግሜ አጠብኩ፣ ሳልጨምር አንድ ብር።

ማርዳ የምትባል ልጅ አለችኝ፣ ሰባት ዓመት የሞላት፤
ሩጫ ነው ነፍሷ፣ ግን ትንፋሽ አነሳት።
ሌሊት እንደ ቀዳዳ ወናፍ ደረቷ ሲያፏጭ
እሷን ደግፌ ይነጋል፣ እኔም አብሬያት ቁጭ።
ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ ሲስተሯ አዳመጠች፤
ሰማያዊ የሚነፋ መድኃኒት ሰጠች፤
«ከጭስ ግን አርቂያት» ብላ አስጠነቀቀች።
«እሺ» አልኩ። ወጥቼ በሩ ላይ ቆምኩና
ዙሪያዬን ቃኘሁት፤ የቱ ጋ ነው ጤና?
በዚህ በኩል ማቅለጫ፣ በዚያ በኩል አስፋልት፤
ከጭስ መራቅ ማለት ከአየር መራቅ ማለት።

ይሄን ለማንም ሰው ነግሬ አላውቅም፤
ከሰሉ ሲረጥብ፣ እሳት አልያዝ ሲለኝ፣
ፌስታል ነው 'ምጨምር፣ አሮጌ ጫማ ካለኝ።
ፕላስቲኩ ሲንጠባጠብ አረንጓዴ ነዶ፣
ማርዳ ትስላለች ከመጋረጃው ማዶ።
ያን ሰሞን ገመዱ ያለኝን ልንገር፦
አንድ ነጭ የትራስ ልብስ፣ ሙሽራ ቤት የሚሻገር፣
ላዩ ላይ ነጥብ ነበር፤ ከማቅለጫው አይደል፣
ከመኪናም አይደል፤ ያ የራሴ ፌስታል።

የኔ አንድ ፌስታል ነው፣ የነሱ ሰማይ ሙሉ፤
እኩል ነን አልልም፣ ይመዝኑት 'ሚችሉ።
ሳንባ ግን ሚዛን የለው፤ የመጣ ይገባል፤
በር የሌለው ቤት ነው፣ ሁሉን ያሳድራል።

ሰኔ ላይ መብራቱ ሦስት ቀን ጠፋና
ማቅለጫው ቀዘቀዘ፤ መፍጫው ዝም አለና
የረር ተራራ ከነጫፉ ታየ፤
አንሶላው እንደነጣ እስከ ማታ ቆየ።
ማርዳ ከአጥር አጥር ሮጠች፣ ተመለሰች፤
«እንደገና ልሩጥ?» ብላ ጠየቀች።
ገመቹ ግን ደጄ ላይ ኩርምት ብሎ ዋለ፤
ሳሉ ቀሎለታል፤ ኪሱም አብሮ ቀለለ።
«የቀን ሠራተኛ ነኝ፤ ካልነደደ የለም»
አለኝ፤ እኔም ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

በሦስተኛው ማታ አምፖሉ አበራ፤
«መብራት መጣ!» እያለ ሰፈሩ ተጠራራ።
ገመቹ ተነሣ፣ ቱታውን ፈለገ፤
ማርዳም አጨበጨበች፤ ልጅ ምን አረገ።
እኔ ቅርጫቴን ይዤ ወደ ገመዱ ሄድኩኝ፤
ከማዶ ጭስ ሳይነሣ ነጩን ሰበሰብኩኝ።