ሰማንያ ስምንቱ ደቂቃ

ቡሬ ላይ ጥቅምት ነው፤ በርበሬ ተሰጥቷል፣
ከሜዳው እኩሌታው እንደ ፍም ቀልቷል፣
የቀረው ግማሹ ለእኛ ተትቷል።

አንድ አጭር ሰው መጣ ደብተር አንጠልጥሎ፣
ግራ ጉልበቱ ላይ ነጭ ፋሻ ጠቅልሎ።
አስነጠሰ መጀመሪያ፣ ሦስት ጊዜ፣ በርበሬው አቃጥሎት፤
«ይማርህ!» ስንለው፣ ስማችን መስሎት፣
«ኢሳሙ» አለ እጁን ዘርግቶ፣ «ቶጋሺ» ብሎ ጨመረ።
ቡሬ ግን ስም ትገለብጣለች፤ ጋሽ ቶ ሆኖ ቀረ።

ተከላካይ ነበር በሀገሩ፣ በመርከብ ሠሪዎች ቡድን፣
ነፋስ ከባሕር ጨው አምጥቶ ሲያለብሰው መረቡን።
በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ጎል አስቆጠረ፤
እሷንም በገዛ መረቡ! ሲነግረን አላፈረ።
ሣቅን። እሱም ሣቀ።
ጉልበቱ ሲከዳው፣ አሠልጣኝ አደረጉት፤
ዘጠኝ ጊዜ በተከታታይ ሲሸነፍ፣ በሦስት መስመር ደብዳቤ አሰናበቱት።
«ከዚያስ?» አልነው።
«ከዚያማ የሕፃናቱን ቡድን አውቶቡስ ነዳሁ» አለ፤
መሪ የሚያዞር እጁ ባየር ላይ ዋለለ።

የመጀመሪያው ሰኞ፣ ኳሶቹን በጆንያ አስሮ፣
ለበርበሬው ዘበኛ ለይበልጣል አደራ ሰጠና፣ በጣቱ ቆጥሮ፣
«ዘጠና ደቂቃ ነው» አለን፤ «ኳሷ ካንተ ጋር ብትቆይ ሁለት፤
ሰማንያ ስምንቱን ምን ልትሠራበት?»

ሳምንት ሙሉ ያለ ኳስ ሮጥን፤ ተጠጋን፣ ሸሸን፣ ክፍት ቦታ ፈለግን፤
በርበሬ የሚያገላብጡት ሴቶች ሆዳቸውን ይዘው ሣቁብን።
«ጋሽ ቶ ነፋስ ያስለቅማል» ተባለ በቅዳሜ ገበያ፤
«ኳሶቹን ሳይሸጣቸው አይቀርም» አለ ተራ አስከባሪው ከመናኸሪያ።
ደሳለው ብቻ፣ ቅኔ ቤት ሦስት ዓመት የተማረው፣
«ሰሙን ደብቆ ወርቁን ነው» አለ፣ «መጀመሪያ የሚያስቆፍረው።»

እኔ ተቀያሪ ነበርኩ።
ሁለት ዓመት ሙሉ ወንበሩ የጀርባዬን ቅርጽ ያዘ፣
ጫማዬ ጭቃ ሳይነካው፣ ማሰሪያው ብቻ ወየበ፣ ደነዘዘ።
ፍኖተ ሰላም ላይ፣ በዞኑ ዋንጫ ፍጻሜ፣ አንድ ለዜሮ ስንመራ፣
ሰማንያ ስድስተኛው ላይ ልየው ወደቀ፤ ጋሽ ቶ እኔን ጠራ።

ገባሁ። አራት ደቂቃ። ኳስ አልነካሁም፤ አንዴም፣ እምላለሁ።
ወደ ግራ ጠርዝ፣ ወደ ባዶው፣ እንደ እብድ ሮጫለሁ፤
ሁለቱ ተከላካዮች ተከተሉኝ፤ ከኋላዬ በር ተከፈተ፣
ደሳለው በዚያ ሾልኮ ገባ፤ መረቡም ተንከራተተ።
(ጎሏን ከጨዋታ ውጪ ብለው ሻሯት። አንድ ለዜሮውም አልቆየ፤
ባከሉት ሰዓት አቻ ሆነን፣ በቅጣት ምት ዋንጫው ከእኛ ተለየ።)

ሁሉም ሲያለቅስ፣ ጋሽ ቶ ጫማዬ አጠገብ ቁጢጥ አለ፤
ደብተሩን ገለጠ፤ ስሜን አየሁት፣ በአማርኛ ፊደል፣ የተንጋደለ፤
ከስሜ ሥር አንዲት ቀስት፣
ወደ ግራ፣ ወደ ባዶ፣ ጫፏ ድረስ የጠቆረች፣ እርሳሱ ሁለቴ የሄደባት።

አሁን እኔ ነኝ ጠርዙ ላይ የምቆመው፣ ፉጨት አፌ ላይ፣
አራት ለባዶ ስሸነፍ ቃል የማጣው፣ የማየው ሰማይ።
እሱ ከሄደ ስድስት ክረምት አልፏል። በቀደም ፖስታ መጣ፤
ደብዳቤ የለው፣ ሰላምታ የለው፤ አንድ ሥዕል ብቻ ወጣ፦
ሜዳ። አሥራ አንድ ነጥቦች። ኳስ የለችም።

ልጄ አየችው፤ «ኳሷስ?» አለችኝና እርሳስ አነሣች፣
ከመስመሩ ውጪ፣ በርበሬው ከሚሰጣበት በኩል፣ ክብ አድርጋ ሣለች።

ተውኩላት።